የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ለምን እኩል ክብ አይሆንም?

ዛሬ በሳይንስ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ፈነዱ ከዋክብት ነው። "ኮከብ ደግሞ ይፈነዳል እንዴ?" የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ፣ ይፈነዳል!

ከፀሐይ ከ8 እጥፍ በላይ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ መሀሉ ወደ ውስጥ ይደረመሳል፣ ውጪው ይፈነዳል። ነጭ ድንክ የሚባሉ ያረጁ ትንንሽ ከዋክብትም የሚፈነዱበት ጊዜ አለ። ፍንዳታው ሱፐርኖቫ፣ ተበትኖ የሚቀረው ደግሞ የሱፐርኖቫ ቅሪት ይባላል። የሚበተነው ነገር በሰከንድ 10,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። በዚህ ፍጥነት ምድርን መዞር 4 ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጀው!

ታዲያ ማን ያቆመዋል? በከዋክብት መካከል ያለው ቦታ ባዶ ይመስለናል እንጂ ስስ ጋዝ አለው። በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 1 አተም ገደማ ይገኛል። አንዳንድ ቦታ ግን ጋዙ ተጠራቅሞ ወፍራም ደመና ይሆናል።

ነገሩ እንዲገባን በጨዋታ እንየው። 20 ልጆች ሜዳ መሀል ጀርባ ለጀርባ ክብ ሠርተው ይቁሙ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ወደ ውጪ ይሮጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ መንገድ ላይ ቆሞ ያገኙትን ልጅ ሁሉ እጁን ይዞ መጎተት። ሰው በሌለበት በኩል የሮጡት ሩቅ ይደርሳሉ። ሰው በበዛበት በኩል የሮጡት ግን ሸክማቸው እየበዛ ቶሎ ይደክማሉ። ክቡም ይጣመማል። የኮከቡ ቅሪትም እንደዚሁ ጋዙን እየጠረገ ሲሄድ ይዘገያል፤ ወፍራም ጋዝ በመታበት በኩልም ብዙ ጊዜ ደምቆ ያበራል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1006 የታየው ሱፐርኖቫ በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ደማቁ ነው። በግብፅም አይተው ጽፈውታል። ቅሪቱ ዙሪያው ስስ ጋዝ ስለሆነ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ጋዙ በወፈረበት በአንድ ጎኑ ግን ዘግይቷል። ጄሊፊሽ ኔቡላ የተባለው ቅሪት ደግሞ ከወፍራም ደመና ጋር ስለተጋጨ ቅርፁ የተዛባ ነው።

"ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?" ትሉ ይሆናል። የማረሻችን ብረት፣ በደማችን ያለው ብረት፣ የጥርሳችን ካልሲየም አብዛኛው ከፈነዱ ከዋክብት የመጣ ነው። ጋዙ ፍንዳታውን እያዘገየ ስለሚቀላቅለው ነው ከዚያ ደመና አዲስ ኮከብና እንደ ምድር ያለ ዓለም የሚሠራው።

አገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሏት። እኛ ኦጎልቾ ያለን ደግሞ ዓይናችን ይበቃናል። በጥር መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀና በሉ። አናታችን አካባቢ ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ ታገኛላችሁ። ስሙ ቤቴልጁስ ነው። እሱም ወደፊት ይፈነዳል፤ ነገ ግን አይደለም፣ አትፍሩ!

ጥያቄ፦ ኮከቡ በሁለት ወፍራም ደመናዎች መሀል ቢፈነዳ ቅሪቱ ምን ቅርፅ ይይዛል? ሥላችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ስጡ።