ትምህርት 9፤ አመዛዛኝ ድርሰት

አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ አስቀድማችሁ የርእሱን ቃላት መርምሩ። «ጠጥቶ ሲያሽከረክር የተያዘ ሠራተኛ ከሥራ ይሰናበት ወይስ አይሰናበት?» የሚለውን ርእስ እንመልከት። «ተያዘ»፣ «ተከሰሰ»፣ «ተፈረደበት» የሚሉት ግሦች ፍቺያቸው አንድ አይደለም። አንዱን በሌላው የሚተካ ጸሐፊ ሳያውቀው ሰውን ያለ ፍርድ ይቀጣል።

«ይሰናበት» የሚለው ወገን፣ ተሳፋሪዎችን በአደራ የተቀበለ የአውቶቡስ ሾፌር ሰክሮ መሪ ከጨበጠ አደራውን በልቷል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሥራ ላይ ሰክሮ መገኘትን ይከለክላል።

«አይሰናበት» የሚለው ወገን ግን፣ በዕረፍት ቀኑ የተያዘ የፋብሪካ ጸሐፊ ጥፋቱ ከሥራው ጋር ምን ያገናኘዋል? ሲል ይጠይቃል። በዚሁ አዋጅ መሠረት ከ30 ቀን የማይበልጥ እስር፣ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ከተነገረው፣ የሥራ ውሉን ያግዳል እንጂ አያቋርጥም። ደመወዙ ሲቀር የሚራቡትም ያልጠጡት ልጆቹ ናቸው።

እንግዲህ ክርክሩ የሚመዘነው በሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ጥፋቱ ተረጋግጧልን? ከሥራውስ ጋር ይገናኛልን?

መልመጃ፦ አንዱን ወገን ደግፋችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። የተቃራኒያችሁን ጠንካራ ምክንያት ሳትሸሽጉ መልስ ስጡበት።