የብረት ቱቦ መቍረጫ መጋዝ ስለ መምረጥ

በጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የተባለው ሰፈር ከባሕር ጋር የተጐራበተ ስለ ሆነ፣ ጨው ያዘለው ነፋስ ብረትን ፈጥኖ ያዝገዋል። ስለዚህ በዚያ የውሃ ቱቦ የሚዘረጋ ሰው መጋዙን በፍጥነቱ ብቻ ሊመርጥ አይገባውም።

በእጅ የሚያዘው ግራይንደር ቱቦውን በአጭር ጊዜ ይቈርጣል። ነገር ግን ድንጋዩ ብረቱን እያጋለ ስለሚበላው፣ ቱቦውን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ በተቈረጠው ዳር ይቃጠላል፤ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። የሚቃጠለው ዚንክ ጢስ ደግሞ ለሚተነፍሰው ሠራተኛ ትኩሳት ያመጣበታል። ፍንጣሪው ነዳጅ ባለበት ስፍራ ምን ሊያደርስ እንደሚችል መናገር አያሻም።

ምላጩ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ተንቀሳቃሽ መጋዝ ግን፣ ዘግየት ቢልም ብረቱን ብዙ ሳያግል ይቈርጣል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ዘወትር ቱቦ ለሚቈርጥ ክፍል የሚሻለው ይኸው ነው። ለጥቂት ቍራጭ የእጅ ሴጌቶ ይበቃል።

ገዢዎች አብዝተው የሚዘነጉት የጥርሱን ቍጥር ነው። በቱቦው ግድግዳ ውፍረት ላይ ቢያንስ 3 ጥርሶች ዐብረው ማረፍ አለባቸው፤ አለዚያ ጥርሱ በጠርዙ እየተያዘ ይሰበራል። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቱቦ፣ በ1 ኢንች 24 ጥርስ ያለው ምላጭ ይስማማዋል። በየትኛውም መጋዝ ቢቈረጥ ቱቦው አስቀድሞ በሞርሳ ይታሰር፤ ከተገጠመም በኋላ በመጋጠሚያው ላይ በውጭ የተገለጠው ብረት ጸረ ዝገት ቀለም ይቀባ።