የደረሰ ፍሬና የበሰለ ፍሬ

በቋንቋችን «ደረሰ» እና «በሰለ» የሚባሉት ቃላት አንድ አይደሉም። ፍሬ ደረሰ የሚባለው እድገቱን ሲጨርስ ነው። በሰለ የሚባለው ደግሞ ውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ሲለወጥ፣ ሥጋው ሲለሰልስና መዓዛ ሲያወጣ ነው። በናኪቫሌ የጓሮ መሬት የሚያለሙትም ሆኑ ከኦዊኖና ከናካሴሮ ገበያ አምጥተው በካምፓላ መንደሮች የሚቸረችሩ ወገኖቻችን ይህን ልዩነት ቢያውቁ ከብዙ ኪሳራ ይድናሉ።

ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ ከተቆረጡም በኋላ ይበስላሉ። የሚያበስላቸው ኤቲሊን የሚባል፣ ፍሬው ራሱ የሚያመነጨው ጋዝ ነው፤ ይህንንም ሪቻርድ ጌን የተባለ ተመራማሪ በ1934 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። የአርባ ምንጭን ሙዝ አዲስ አበባ ላይ በዝግ ክፍል በኬሮሲን ጭስ የሚያበስሉ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ምስጢር ይኸው ነው፤ በጭሱ ውስጥ ኤቲሊን አለ። የቡጋንዳ ገበሬም ቶንቶ የሚጠምቅበትን ሙዝ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ ያበስላል።

ነገር ግን በአንዲት ክፍል ከልጆቻችሁ ጋር የምትኖሩ ሁሉ ጭስን አትሞክሩ። በተዘጋ ቤት የሚነድ ኬሮሲን ወይም ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህም የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ለብየዳ የሚውለው ካርባይድም ቢሆን ፍሬን ቶሎ ቢያቀላም አርሴኒክና ፎስፈረስ ሊኖርበት ስለሚችል ለምግብ አይሆንም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያልበሰለውን ማንጎ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ወይም በጨርቅ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበቃል። ላስቲክ ግን ላብ ስለሚይዝ ያሻግተዋል።

ለመቁረጥ ጊዜው መቼ ነው? ሙዝ ማዕዘኖቹ ሞልተው ሲከቡ፣ ማንጎ በእንጨቱ ዙሪያ ትከሻው ሲነሳ፣ ፓፓያ ከታች በኩል ቢጫ መስመር ሲያሳይ። ማንጎን ስትለቅሙ አጭር እንጨት አስቀሩለት፤ ፈሳሹ የእጅንም የፍሬውንም ቆዳ ያቃጥላል። አቮካዶ አስቸጋሪ ነው፤ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፣ ስለዚህ ጠብቆ አይታወቅም። አንዱን ቆርጣችሁ ቤት አቆዩት። በሳምንት ገደማ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ የቀሩትም ደርሰዋል፤ ተጨማዶ እንደ ጎማ ከሆነ ገና ናቸው።

አናናስና ብርቱካን ከእነዚህ ይለያሉ። ከተቆረጡ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምሩም፤ ስለዚህ ተክሉ ላይ እስኪበስሉ መጠበቅ ግድ ነው። አናናስን ከታች ጀምሮ ሲቀላና ዓይኖቹ ሲዘረጉ ቁረጡት። የካምፓላን ብርቱካን ግን በቀለሙ አትፍረዱበት። የብርቱካን ቆዳ ቢጫ የሚሆነው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሌሊቱም ሞቃት ስለሆነ አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል። በእጅ መዝኖ ከበድ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

አዲስ የመጡ ሰዎች ማቶኬን የሚበላ ሙዝ መስሏቸው ሲገዙ ይታያል። እሱ በጥሬው ተልጦ የሚቀቀል ነው፤ ሲበስል ለወጥነቱ አይሆንም። ለመብላት ንዲዚ ወይም ቦጎያ ብላችሁ ጠይቁ።

በቅርጫት ውስጥ የተቀጠቀጠ ፍሬ ካለ በተለይ ብዙ ኤቲሊን ስለሚያወጣ ጎረቤቶቹን ያቻኩላል። ጠዋት ጠዋት ለይታችሁ አውጡት፤ በመጀመሪያም እሱን ሽጡ።