መንገዱ በዝቶ ድምፁስ? ስለ መገናኛ ብዙኃን አስቀድሞ የተነገረው

መቅደላ በ1860 ዓ.ም. በወደቀች ጊዜ ዜናው ወደ አውሮፓ የሚያልፍበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። የኒውዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በስዌዝ ካለው የቴሌግራፍ ሠራተኛ ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ ስለ ነበር ጽሑፉ ከሁሉ ቀደመ። እንግሊዞች የገዛ ሠራዊታቸውን ድል ከአሜሪካ ጋዜጣ ሰሙ። የአምባው ሰው ግን በዚያ ሽቦ ላይ ድርሻ አልነበረውም።

መንገዱ ሲሰፋ ድምፁም እንደሚለያይ ብዙዎች ተስፋ አደረጉ። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 «ኢንተር ሚሪፊካ» በተባለው ድንጋጌ ጋዜጣን፣ ሲኒማን፣ ራዲዮንና ቴሌቪዥንን ጠቅሶ፣ የሚመስሏቸውን ሌሎችንም ጨመረ። በአገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ አሜሪካዊው የኬብል ቴሌቪዥን ባለሀብት ጆን ማሎን 500 ጣቢያዎች በአንድ ቤት የሚታዩበት ዘመን እንደ ቀረበ ተናገረ። በዚያው ዓመት የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሰነድ «ኤታቲስ ኖቬ» በቁጥሩ አልተደነቀም፤ ትርፍ የአገልግሎትን ቦታ እንዳይወስድ አስጠነቀቀ፣ እያንዳንዱ ሀገረ ስብከትም ስለ መገናኛ የሐዋርያዊ ሥራ ዕቅድ እንዲኖረው ጠየቀ።

በቁጥሩ ተንባዮቹ አልተሳሳቱም። በእኛም ዘንድ ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ ጋዜጦች እንደ አሸን ፈሉ፤ በ2000 ዓ.ም. ሸገር ኤፍ.ኤም. ተከፈተ፤ ከዚያም የሳተላይት ሳህኑ፣ ቀጥሎም ስልኩ መጣ። ስለ ልዩነቱ ግን እጠራጠራለሁ። አሥር ጣቢያ አንዱን ዜና ቢደጋግም የሰማነው አንድ ዜና ነው። ስለ ቦረና ገበሬ የሚናገረውም አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ከተማ ነው።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በስልክ የሚገባው ሁሉ፣ ወዳጁም ተቃዋሚውም፣ ባንድ ጊዜ ጠፋ። ለካስ ያ ሁሉ መንገድ በአንዲት በር የሚገባ ነበር! ባትሪ የሚበላው ራዲዮና ከመናኸሪያ የሚወርደው መንገደኛ እንደገና ተፈላጊ ሆኑ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለወጣቶች ይህን ሥራ ቢሰጡ መልካም ነው፦ ለአንድ ሳምንት የሰሙትን ዜና ይጻፉ፤ ከየት እንደ ሰሙት፣ በመጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ፣ ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ ተናግሮ እንደ ሆነም ይመዝግቡ። በሳምንቱ መጨረሻ ዝርዝሮቹን አስተያዩና ስንት የተለያየ ምንጭ እንደ ቀረ አብራችሁ ቍጠሩ።