የንግድ ቤት መኪና አጠባበቅ፤ ከጉዞ በፊት የምታስፈልገው ዐሥር ደቂቃ

በቀድሞ ዘመን የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ከመጫኑ አስቀድሞ የአጋሰሱን ጀርባ በእጁ ይዳብስ፣ ኮቴውንም አንሥቶ ይመለከት ነበር። ጀርባው የተገጠበ በቅሎ ገበያ ሳይደርስ በመንገድ እንደሚቀር፣ ከእርሱም ጋር ጭነቱና ትርፉ እንደሚቀር ያውቅ ነበርና። ዛሬ የአጋሰሱን ቦታ መኪና ወስዶታል፤ ያ መልካም ልማድ ግን ከበቅሎው ወደ መኪናው አልተሻገረም። አያሌ የንግድ ቤት ባለቤቶች በመጋዘናቸው ያለውን ዕቃ በቁጥር ያውቃሉ፤ የሚከፍሉትንና የሚቀበሉትን ገንዘብ በመዝገብ ይዘዋል። የመኪናው የሞተር ዘይት መቼ እንደተለወጠ ሲጠየቁ ግን «ነጂውን ጠይቁት» ይላሉ።

ይህ ቸልተኝነት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ብዙ ያስከፍላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ዕድሜ ማራዘም ከንግድ ሥራ አንዱ ክፍል እንጂ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ስኳርና ሳሙና አስጭኖ መኪናውን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሰዳል እንበል። ነጂው ለሦስት ሳምንት ያህል በየጧቱ አንድ ጆግ ውሃ ወደ ራዲያተሩ ሲጨምር ሰንብቷል፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አልመረመረም፤ ለአሠሪውም አልነገረም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሞተሩ ደኅና ነበር። ወንዙን ተሻግሮ የደጀንን አቀበት ሲያያዝ ግን የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀዩ ምልክት ወጣ። ነጂውም «አቀበቱ ሊያልቅ ነው» ብሎ ገፋበት። እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ሲወጣ አቆመና የራዲያተሩን ክዳን ወዲያው ከፈተ፤ የፈላው ውሃ ገንፍሎ ክንዱን አቃጠለው። ረዳቱ ደግሞ ሞተሩ እንዲበርድ ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጨምርበት ቴስታታው ተሰነጠቀ። ጭነቱ በሌላ መኪና ኪራይ ተዛወረ፤ ነጂው ሐኪም ቤት ገባ፤ መኪናውም ተጎትቶ ለሳምንታት ጋራዥ ተቀመጠ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ሲፈለግ የተገኘው ላስቲኩ የደረቀ አንድ የራዲያተር ክዳን ነው።

1ኛ/ ስለ ሞተር ውሃ

ይህች ትንሽ ክዳን በደጋ አገር ከቆላ ይልቅ የምታስፈልግበት ምክንያት አለ። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አገር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ መኪና ሞተር ደግሞ በደኅናው ቀን እንኳ የሚሠራው ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ይዞ በውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚጨምር ውሃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ከላላ ግን ይህ መከላከያ ይጠፋል፤ ሞተሩም ገና በተለመደው ሙቀቱ ሳለ ውሃው መፍላት ይጀምራል።

ስለዚህ ሞተሩ በቀዘቀዘበት በጧት የሚከተለውን መመልከት ይገባል። በትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያው ላይ ያለው ውሃ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ማየት፤ የጎማ ቱቦዎቹን በእጅ ጨብጦ እንዳልደረቁና እንዳልተሰነጣጠቁ ማረጋገጥ፤ ቺንጊያው እንዳልላላና ጠርዙ እንዳልተበላ መመልከት፤ ከመኪናው ሥር የተንጠባጠበ ነገር መኖሩን ማየት ነው። ውሃ አንድ ጊዜ መጨመር ቀላል ነገር ነው፤ በየቀኑ መጨመር ግን በሽታ እንዳለ የሚናገር ምልክት ነው። ተራ ውሃ ብቻውን ውስጡን ያዝገዋል፤ ስለዚህ ኩላንት የሚባለውን ፈሳሽ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል፣ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይሻላል።

መርፌው በመንገድ ላይ ወደ ቀዩ ከወጣ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት ነው። ክዳኑን ከመንካት በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ፣ ከዚያም በወፍራም ጨርቅ ይዞ በቀስታ መክፈት ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ፈጽሞ አይፈስም።

2ኛ/ ስለ ሞተር ዘይት

ዘይት በሞተሩ ውስጥ የሚፋተጉትን ብረቶች ይለያል፤ ሙቀታቸውን ይወስዳል፤ እድፋቸውንም ያጥባል። መጠኑን ለመለካት መኪናው በተስተካከለ ቦታ ይቆማል፤ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ መለኪያው ተስቦ ይጠረጋል፤ እንደገና ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መገኘት አለበት። ከታችኛው ምልክት በታች መሆኑ ሞተሩን እንደሚጎዳ ሁሉ ከላይኛው በላይ መሙላትም ይጎዳል።

የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ስለሚጠቁር ጥቁረቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታየ ግን ውሃ ገብቶበታልና፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል፣ መኪናው ወደ ጋራዥ እንጂ ወደ ጉዞ አይሄድም። የዘይት ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራም እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ ማለት ሞተሩን መሸጥ ነው፤ በዚያው ቅጽበት መቆም ይገባል።

ዘይቱ የሚለወጥበትን ኪሎ ሜትር የሚወስነው ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በአቧራ፣ በከባድ ጭነትና በከተማ ውስጥ በአጭር በአጭር ጉዞ የሚሠራ መኪና ከዚያ አስቀድሞ ሊለወጥለት ያስፈልጋል። ማጣሪያውን ሳይለውጡ ዘይቱን ብቻ መለወጥ ንጹሕ ውሃ በቆሸሸ እንስራ እንደ መቅዳት ነው።

3ኛ/ ስለ ፍሬን

ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በእንደዚህ ያለ ቦታ የተጫነ መኪና በፍሬን ብቻ ቢያዝ የፍሬኑ ሸራ ይግልና የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ትክክለኛው አነዳድ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ከባድ ማርሽ መለወጥና ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። አንዳንድ ነጂዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሹን ፎሌ አድርገው ይለቃሉ። ይህ አደገኛ ከመሆኑም በላይ ጥቅም የለውም፤ የዛሬ ሞተር በማርሽ እየወረደ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ነዳጁን ራሱ ይዘጋልና።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው፤ እርጥበት የገባበት ዘይትም በሙቀት ጊዜ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ መጠኑ ሳይቀንስም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ይገባዋል። የፍሬኑ መርገጫ እንደ ስፖንጅ ከላላ፣ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ከሳበ፣ ወይም ብረት ከብረት ሲፋቅ ከተሰማ ለነገ የሚባል አይደለም። በአየር ፍሬን የሚሠሩ ከባድ መኪናዎች በአየር ታንካቸው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በየጊዜው ይውጣላቸው።

4ኛ/ ስለ ጎማ

የጎማ ነፋስ የሚለካው በጧት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ነፋሱ ያነሰው ጎማ ጎኑ ስለሚተጣጠፍ ይሞቃል፤ በቆላ መንገድ ከጭነት ጋር ሲሆንም ይፈነዳል። በሌላ በኩል በጉዞ ላይ የሞቀ ጎማ ነፋሱ ቢጨምር ተፈጥሮው ነውና ማስተንፈስ አያስፈልግም፤ ሲበርድ ከሚገባው በታች ይሆናልና። የኋላ ጎማቸው ጥንድ የሆነ መኪናዎች ብዙ ጊዜ የሚጎዱት ከውስጥ ባለው ጎማ ነው፤ ዓይን አያየውምና። እርሱንም መለካት፣ በሁለቱ መካከል የገባውን ድንጋይም ማውጣት ያስፈልጋል።

የጥርሱ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጎማ በብዙ አገር ሕግ እንዳይነዳበት የተከለከለ ነው። የአንዱ ጎማ ጥርስ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ጥፋቱ ከጎማው ሳይሆን ከመሪው መስመር ነውና አዲስ ጎማ ከመግዛት በፊት እርሱን ማስተካከል ይቀድማል። ስኮርታ የሚባለው ትርፍ ጎማም ነፋስ ከሌለው ትርፍ ጭነት ብቻ ነው።

5ኛ/ ስለ ማጣሪያዎችና ስለ ባትሪ

የአየር ማጣሪያ በአቧራማ መንገድ የሞተሩ አፍንጫ ነው። ከተደፈነ ነዳጅ ያበዛል፣ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፣ ጉልበትም ያሳጣል፤ ከተቀደደ ደግሞ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከወረቀት የተሠራውን ማጣሪያ በውሃ ማጠብ አይገባም። የናፍጣ ማጣሪያውም ውሃ የሚያጠራቅምበት ክፍል ካለው እየተከፈተ ይፍሰስ።

ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ያሳያል። በራሱ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዝገት ማጽዳት፣ ማሠሪያውንም ማጥበቅ ይገባል። ሲፈታ የነጌቲቩ ሽቦ አስቀድሞ፣ ሲታሠር መጨረሻ ይሁን። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ክብሪትና ሲጋራ በአጠገቡ አይቅረብ።

6ኛ/ ስለ ነጂውና ስለ ባለቤቱ

ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ ያለው ነጂ ውሃው እንደሚጎድል እያወቀ ለምን ዝም አለ? ባለፈው ጊዜ ጎማ መፈንዳቱን ባስታወቀ ጊዜ አሠሪው ሳይመረምር ዋጋውን ከደመወዙ ስለቆረጠበት ነው እንበል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጂው ብልሽትን መናገር ጥፋትን በራስ ላይ መመስከር መሆኑን ተምሯል። አሠሪው በጎማው ዋጋ ጥቂት ብር አዳነ፤ ዝምታን ግን ገዛ። ዝምታውም ቴስታታ ሆኖ፣ የሰው ክንድም ሆኖ ተከፈለ።

ስለዚህ ብልህ ባለቤት በቸልተኝነት የደረሰውንና በእርጅና የደረሰውን ብልሽት ለይቶ ይመለከታል። ቀድሞ ያስታወቀውን ነጂ ያመሰግናል፤ የደበቀውን ይጠይቃል። ለምርመራውም ጊዜ ይሰጠዋል፤ ነጂውን በሌሊት ቀስቅሶ «ቶሎ ውጣ» የሚል አሠሪ ዘይቱ ሳይለካ ቀረ ብሎ ሊወቅስ አይችልም።

7ኛ/ ስለ መዝገብ

ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ይበቃል። በየገጹም ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር፣ የተቀዳው ነዳጅ፣ የተጨመረው ውሃና ዘይት፣ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው፣ ነጂው ያስታወቀው ነገር ይጻፍበት። ይህ ደብተር ሦስት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በአንድ ቀን የማይታየውን ያሳያል፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሃያ አንድ ጊዜ ውሃ የተጨመረበትን መኪና በመዝገብ አይቶ የማይነቃ የለም። ሁለተኛ፣ የነዳጁ ፍጆታ ከፍ ሲል ሞተሩ መታመሙን ወይም ነዳጁ ወደ ሌላ መሄዱን ይጠቁማል። ሦስተኛ፣ መኪናው በሚሸጥበት ቀን ከነደረሰኙ የቀረበ መዝገብ ከገዢው ጋር የሚደረገውን ክርክር ያሳጥራል። መለዋወጫ ሲገዛም ደረሰኝ መቀበልና አሮጌውን ዕቃ ከጋራዥ መልሶ መረከብ ከዚሁ ሥርዓት ይቆጠራል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ነጋዴዎች ይህ ትምህርት አይመለከተንም እንዳይሉ። የሞተር ዘይት ባይኖራቸውም ጎማ፣ ፍሬን፣ የፍሬን ዘይትና አነስተኛው የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ ብዙዎቹም የትልቁን ባትሪ ሙቀት የሚያበርድ ፈሳሽ አላቸው። ከፍተኛ ኃይል ያለውን ክፍል ግን የሠለጠነ ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካው።

በመጨረሻም፣ ውሃና ዘይት ለማየት፣ ጎማ ለመለካት፣ ፍሬን ለመሞከርና መብራት ለማየት ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ሱቁን ሲከፍት ሚዛኑን ሳይመለከት ሽያጭ የሚጀምር ነጋዴ የለም፤ መኪናውም የመንገዱ ሚዛን ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ባለቤቱ ነገ ጧት ወደ ግቢው ወርዶ ነጂውን «ዛሬ ምን አየህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልሱንም ሳይቆጣ ያድምጠው።