ጭሱ እስከ ስንት ሰዓት?

(አንዲት ወጣት ጠያቂና አንድ አዛውንት ካኮ በተባለ ሥፍራ ያደረጉት ምልልስ)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሲመሽ አንዱ ቤት ወይራ ያጨሳል፣ አንዱ በሶብላ፣ ሌላው ቀበሪቾ። «ጭስ ካለ አጎበር ምን ይሠራል?» የሚልም አይጠፋም። ለመሆኑ ጭሱ የወባ ትንኝን ያባርራል ወይስ ልማድ ሆኖብን ነው?

አዛውንቱ፦ ያባርራል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ትንኟ በጨለማ ወደ ሰው የምትመጣው በአመዛኙ ሽታ ተከትላ ነው። ከአፍ ከአፍንጫችን የሚወጣው ካርቦንዳይኦክሳይድ ከሩቅ ይጠራታል፣ ቀረብ ስትል ደግሞ የገላ ሙቀትና የላብ ሽታ ይመራታል። በሶብላም ሆነ ጠጅ ሣር በቅጠሉ ውስጥ የሚተን ዘይት አለው፤ ሲሞቅ ይወጣና መንገዷን ያስታታል፣ ያስቀይማታልም። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በቆቃ አካባቢ ፈትነውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በሶብላን ከነዱር ዘመዱ፣ ቀይ ባሕር ዛፍንና ሎሚ ሎሚ የሚሸተውን ባሕር ዛፍ ሰው እቤቱ እንደሚያደርገው አጨሱ፣ አሞቁም። የአገራችን ዋና ወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፌሌስ አራቢየንሲስ እንደ ተክሉና እንደ አሠራሩ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰች። አሁን ቁጥሩን ገልብጠሽ አንብቢው፤ ከሦስት ወይም ከአራት ትንኝ አንዷ ገባች ማለት ነው። ለወባ ደግሞ ተሐዋሲውን የያዘች አንዲት ትንኝ ትበቃለች። ስለዚህ እኔ ቅጠሉ ይሠራል አይሠራም ብዬ አልከራከርም። የእኔ ክርክር በየትኛው ሰዓት ይሠራል የሚለው ላይ ነው።

ወጣቷ፦ ሰዓቱ ምን ለውጥ ያመጣል? ትንኝ እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትናከሰው።

አዛውንቱ፦ ሌሊቱን ሙሉ ትናከሳለች፣ ግን እኩል አይደለም። አራቢየንሲስ በአገራችን በብዙ ቦታ ገና በምሽት፣ ሰው ሳይተኛ መናከስ ትጀምራለች፤ በትግራይ የተደረገ ጥናት አብዛኛውን ንክሻ ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት አግኝቶታል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ሰው የት ነው? እሳት ዳር፣ ደጃፍ ላይ፣ ከብት ሲያስገባ፣ እራት ሲሠራ። በዚያ ሰዓት አጎበር የሚከልለው ባዶ አልጋ ነው። የቅጠሉ ቦታ እሱ ነው። ከዚያ በኋላስ? የተነነ ዘይት እንደ ተነነ ይቀራል፣ ፍሙም ይከስማል፣ ጭስ ጠባቂውም ይተኛል። ለቀሪው ሌሊት ያለ አጎበር ማንም የለሽም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቦሊቪያ ጥናት የምሽቱ መከላከያ አጎበር ላይ ሲጨመር የሚሰጠውን ጥቅም በሰው ላይ አሳይቷል፤ ከአራት ሺህ በላይ ሰዎች ሁሉም አጎበር ነበራቸው፣ ግማሾቹ በምሽት ከሎሚ ባሕር ዛፍ የተገኘ ቅባት ተቀቡ፣ በእነሱ ዘንድ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ በ80 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱ ተደምረው ነው እንግዲህ፣ አንዱ ሌላውን ተክቶ አይደለም። በእኛው በደቡብ ኢትዮጵያም ከዕፅዋት ዘይት የተሠራ ቅባትን ከአጎበር ጋር ያጣመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ መቀነሱን አሳይቷል።

ወጣቷ፦ አያቶቻችን ግን አጎበር ሳያውቁ በጭስ ብቻ ኖረዋል።

አዛውንቱ፦ የኖሩት ናቸው አያት የሆኑት፤ ያልኖሩትን ማን ይቁጠራቸው? ቆላን ሰው ሲፈራው የኖረው፣ ደገኛው ወርዶ ማደር የሚጠላው በምን ሆነና! በእኛው ዘመንም እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፣ ከ1,100 በላይ ሞቷል። ይህን ስል የአያቶችን ዕውቀት መናቄ አይደለም። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባያይ ኖሮ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ እንደሚገድል ሳይንስ መቼ ይሰማ ነበር? ሴቶቹ ተክሉን ያውቁታል፣ እሱ ደግሞ መጠኑንና ልኩን መረመረ። ለበሶብላም የሚገባው ይኸው ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ጭሱስ? የሕፃናት ሳል ከዚያ አይመጣም?

አዛውንቱ፦ ይመጣል፤ ከክርክሩ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። መስኮት በሌለው ጎጆ የታፈነ ጭስ የሕፃንን ሳንባ ይጎዳል፣ ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ታዲያ ጭሱና ሽታው አንድ ነገር አይደሉም። ከሰል ላይ ብረት ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ጣጂና እርጥብ ቅጠል አኑሪበት። መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ያልበዋል፣ ቤቱም በቅጠሉ ሽታ ይሞላል፤ ገና አልጨሰም። ዘይቱ የሚወጣው ያኔ ነው። ጠርዙ ጠቁሮ መጨስ ሲጀምር አንሺው፣ ሌላ እርጥብ ጨምሪ። በቆቃው ፈተና አራቢየንሲስን በማባረር ማሞቁ ከማቃጠሉ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እሳቱ ራሱ ግን ደጅ ወይም በር አጠገብ ይሁን፤ ከሰልም ቢሆን በተዘጋ ቤት ይገድላል።

ወጣቷ፦ ቅጠሉን ጨምቄ ብቀባውስ? ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?

አዛውንቱ፦ ቆዳ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይና ይተናል፤ ንጹሑ ዘይት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። የቦሊቪያው ቅባት ሰዓታት የቆየው ተቀምሞ የተሠራ ስለሆነ ነው፤ ያም ቢሆን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይመከርም። እሬትም ተፈጥሮ ነው፣ ግን ማር አይደለም።

ወጣቷ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፦ እኔ ሳባርራት ወደ ጎረቤቴ አትሄድም?

አዛውንቱ፦ ትሄዳለች እንጂ! ቅጠሉ ያባርራል፣ አይገድልም። በታንዛኒያ የተደረገ ጥናት የተባረረችው ትንኝ ቅባት ወዳልተቀባው ቤት መዞሯን አሳይቷል። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ግን ያረፈችበትን ይገድላል፤ ጎረቤትሽንም የሚያተርፈው እሱ ነው። እንግዲህ ምሽቱን ለቅጠሉ ስጪው፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጆቹን አጎበር ውስጥ አስገቢ። ትኩሳት የያዘውን ግን በቀበሪቾ አታጥኚው፤ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወስደሽ አስመርምሪው።