ከባዱን ቀይ ወይን ከየትኛው ምግብ ጋር?

ደንበኛ «እስቲ ከበድ ያለ ቀይ ወይን ስጠን» ሲል ብዙ አስተናጋጅ ዓይኑን የሚጥለው ውዱ ጠርሙስ ላይ ነው። ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው ግን ምግቡ ነው። ምን አዘዙ? ስብ አለው? በርበሬውስ ምን ያህል ነው?

ወይንን ከባድ የሚያደርገው በዋናነት ታኒኑና አልኮሉ ነው። ታኒን ከፍሬው ልጣጭና ዘር፣ አንዳንዴም ከኦክ በርሜል ይመጣል። ስኳር እንዳልገባበት የበረታ ሻይ ምላስንና ድድን ያደርቃል፤ ከምራቃችን ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ስብ ያለው ሥጋ አብሮ ሲበላ ግን ይለዝባል፤ ጨውም ያግዘዋል። ለዚህ ነው የጎድን ጥብስና ስቡ የሚንጫጫ ሸክላ ጥብስ ለካበርኔ ሶቪኞ የሚስማሙት። የጥብስ ቅጠል ከበዛበት ደግሞ ሲራን አቅርቡ፤ ቁንዶ በርበሬ የሚሸት ወይን ስለሆነ ከቅጠሉ ጋር ይዋደዳል።

በርበሬ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አልኮል ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ይመርራል። ለዶሮ ወጥ፣ ለአዋዜ ጥብስ ወይም ሚጥሚጣው ለበረታ ክትፎ ለስለስ ያለ ሜርሎ፣ ካልሆነም ጣፋጭነት ያለው ቀይ ይሻላል። ጣፋጭ ወይን የማያውቅ ሰው መጠጥ ነው የሚለውን ወሬ ተዉት። ከቀይ ወጥ ጋር ጥቂት ስኳር ያለው ወይን በትክክል ሥራውን ይሠራል፤ ይህንን ለደንበኛ በልበ ሙሉነት መናገር የሙያችን ክብር ነው። ዓሣ ላዘዘ ደግሞ ታኒኑ የበረታ ቀይ አታቅርቡ፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል።

ቀለም አያታልላችሁ። የጣሊያን ምግብ ቤት የምትሠሩ ባሮሎን ታውቁታላችሁ፤ ነቢዮሎ ከሚባለው ወይን ይጠመቃል፣ በሕጉ ቢያንስ 38 ወር ሳይቆይ አይሸጥም። ብርጭቆ ውስጥ ሲታይ ፈዛዛ ነው፣ ታኒኑ ግን ከብዙ ጥቁር ወይኖች ይበልጣል። ከቀለሙ ይልቅ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ፤ አልኮሉ 13.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከበድ ይላል፣ 12 አካባቢ ከሆነ ቀለል ይላል።

ምላሳችሁን ለማሠልጠን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወይን አምራቹ ካስቴል ዝዋይ ካለው እርሻው የሚያመርተው ሪፍት ቫሊ ወይን በካበርኔ ሶቪኞ፣ በሜርሎና በሲራ ለየብቻው ይመጣል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኃላፊያችሁን አስፈቅዳችሁ ሦስቱን ጎን ለጎን ቅመሱ። መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ስብ ካለው አንድ ጉርሻ ጥብስ ጋር፣ በመጨረሻ ያው ጥብስ አዋዜ ነክቶት። ከጉንጫችሁ በታች ድዳችሁን በምላሳችሁ ዳስሱት፤ የደረቀው የቱ ጊዜ ነው? ይህንን በራሱ አፍ የለየ አስተናጋጅ ደንበኛ ፊት አይንተባተብም።

የሙቀቱን ነገር ብዙ ቤት ይዘነጋዋል። ከባድ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ይጥማል። ወጥ ቤቱ አጠገብ ወይም ከቡና ማሽኑ በላይ የተደረደረ ጠርሙስ ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፤ ከማቅረባችሁ በፊት ለ20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ አስገቡት። ታኒኑ የበረታውን ምግቡ ሲታዘዝ ክፈቱት፣ ከተቻለም ወደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ገልብጡት። በብርጭቆ የምትሸጡትን ትራፊ ደፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ሳትቀምሱ ለማንም አትቅዱ።